ባሌን በእግር፦ የአሥራ ሁለት ሳምንት ዝግጅትና አንድ የምሽት ጥያቄ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ሰነቴ አምባ ላይ ነፋሱ ድንኳናችንን ይደበድበዋል። ማታ ትራሴ አጠገብ ያስቀመጥኩት የሃይላንድ ውኃ በረዶ ሠርቷል። እኔ ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ይዤ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ የተኛችው የ14 ዓመት ልጄ ነቅታ «እማ፣ አሞሻል አይደል? እንንገራቸው» አለችኝ። «ዝም በይ፣ ሰው አትቀስቅሺ፤ ሲነጋ ይተወኛል» አልኳት።

ሲነጋ አልተወኝም። ከድንኳኑ ወጥቼ ልራመድ ስል እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ሄድኩ። አስጎብኚው አንድ ጊዜ ብቻ አየኝና ምንም ሳይጠይቅ ሾፌሩን ጠራው። ወዲያው ወደ ጎባ ወረድን። እየወረድን በሄድን ቁጥር ጭንቅላቴ ቀለል እያለኝ መጣ። ሐኪም ጋ ደርሼ ከሰዓት በኋላ ቀጥ ብዬ መራመድ ቻልኩ። ከሕመሙ ይልቅ እስከ ዛሬ የማይረሳኝ ግን ልጄ መኪናው ውስጥ ያለችኝ ነው፦ «እማ፣ አንድ ነገር ሆነሽ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የኔ ነበር። እያወቅኩ ዝም አልኩ።»

ዝም ያሰኘኋት እኔ ነበርኩ። ያሳፈረኝም ያ ነው። ሌላውን ሁሉ ለማዘግየት ስል «አልቻለችም» እንዳልባል ፈራሁ።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ባለፈው ጥር ባለቤቴን ጨምረን ሦስታችንም ወደ ባሌ ተመለስን፤ በዚህኛው ጊዜ በእግራችን፣ ለአሥራ ሁለት ሳምንት ተዘጋጅተን። እርስዎም «አንድ ቀን ከቤተሰቤ ጋር ተራራ እወጣለሁ» ብለው የሚያስቡ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ጉዞ ያጠፋነውን በሁለተኛው እንዴት እንዳረምን እነሆ።

ወዴት ነው የሚሄዱት?

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከዓለም ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት እዚሁ ነው፤ በዓለም ያሉት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ሁሉ ቢቆጠሩ ደግሞ 500 አይሞሉም።

የተለመደው የእግር ጉዞ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ካለበት ከዲንሾ ይጀምራል። ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,100 ሜትር ትገኛለች። ከዚያ የወብን ሸለቆ ይዘው ሶዶታ፣ ኬይረንሳና ራፉ ያድራሉ፤ ቀጥሎ ጋርባ ጉራቻ የሚባለው ሐይቅ ጋ ደርሰው ሰነቴን በሚያቋርጠው መንገድ ላይ መኪናዎን ያገኛሉ። ጉዞው አምስት ወይም ስድስት ቀን ይወስዳል፤ በቀን ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ይራመዳሉ። ጓዝዎን ፈረስ ይጭናል፤ አስጎብኚውንም ፈረስ ጫኙንም ዲንሾ ያገኛሉ። ያለ አስጎብኚ አይሞክሩት።

በጉዞው መጀመሪያ ላይ የፊንጫ ሃበራን ፏፏቴ ያያሉ። እዚያው አካባቢ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረጉት የዋሻ መጠለያ አለ። ከ3,400 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ቦታ ከ30,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩና ግዙፉን የባሌ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። ልጄ ይህን ስትሰማ «ታዲያ እኛ ምን አቅቶን ነው?» አለች። መልሱ አጭር ነው፤ እነሱ እዚያ ኖረዋል፣ እኛ ግን ከቢሮ ወንበር ተነስተን ነው የመጣነው።

የአየሩ ሂሳብ

አዲስ አበቤ መሆንዎ ይረዳዎታል። ከተማችን ወደ 2,350 ሜትር ላይ ስለተቀመጠች ሰውነትዎ ከባሕር ዳርቻ ከመጣ እንግዳ ይልቅ ስስ አየር ለምዷል። ችግሩ ይኸው ልምድ ማዘናጋቱ ነው። እኔም «ደገኛ ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» ብዬ ነበር።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን አዲስ አበባ ላይ በባሕር ጠለል ከሚያገኙት ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን፣ 4,000 ሜትር ላይ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ያስፈልጉታል። ጉልበተኛ መሆን ቀኑን አያሳጥርም፤ ወጣት ስፖርተኛም ይታመማል።

በመጀመሪያው ጉዟችን አንድ ሌሊት ጎባ አደርን፤ በማግስቱ በመኪና ወጥተን የዚያኑ ዕለት 4,000 ሜትር ላይ ድንኳን ተከልን። ከ1,200 ሜትር በላይ በአንድ ቀን! ጉዞውን ያዘጋጁልን ሰዎች ስለዚህ ምንም አላሉንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ሐኪሞችና ተራራ ወጪዎች የሚስማሙበት መመሪያ ይህ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበት ቦታ ከትናንት ማታው ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን ይኑር። ስለዚህ በሁለተኛው ጉዞ ዲንሾ ላይ ሁለት ሌሊት አደርን። የመጀመሪያውን ቀን በአካባቢው ጫካ እየተዘዋወርን የደጋ አጋዘን ስናይ ዋልን። ያ ቀን የባከነ ይመስላል፤ ነገር ግን ከከፈልንበት ሁሉ የበለጠ የጠቀመን እሱ ነው።

የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ችግር ካለብዎ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ገና ዝግጅት ሳይጀምሩ ሐኪምዎን ያማክሩ። ከፍታን ለመልመድ የሚረዳ አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለእርስዎ ይስማማ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪም እንጂ ጓደኛ አይደለም።

አሥራ ሁለቱ ሳምንታት

ለጥር ጉዞ ዝግጅቱን ጥቅምት ላይ ይጀምሩ። ጂም የግድ አይደለም። እኛ የተጠቀምነው ያለንን ነው።

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት። በሳምንት አራት ቀን 45 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀደም ብሎ መውረድም ይቆጠራል። በሳምንት ሁለት ቀን ደረጃ ይውጡ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ አሥር ጊዜ ወጥተው ይውረዱ። ጎረቤት «ምን ጠፋብሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይለምዳል።

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት። ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ። መጀመሪያ ሁለት ሰዓት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ከዚያ አራት። የጀርባ ቦርሳዎ ውስጥ ውኃ የሞሉ ሃይላንዶች ይጨምሩ፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልግዎትም። በሁለት ኪሎ ጀምረው እስከ ስድስት ይድረሱ። ጉልበት ሲያልቅ ከላይ ሆነው ውኃውን መድፋት ይችላሉ።

ከ9ኛ እስከ 11ኛ ሳምንት። ሁለት ቀን አከታትለው ይራመዱ። ቅዳሜ ወጨጫ ወይም የረር፣ እሑድ ደግሞ እንጦጦ። ረጅም ጉዞ የሚፈትነው በመጀመሪያው ቀን አይደለም፤ ጭንዎ እንደ እንጨት ደርቆ ሳለ በማግስቱ ጫማ ማሰር ሲኖርብዎ ነው። ያንን ስሜት ቤትዎ አጠገብ ይተዋወቁት።

12ኛ ሳምንት። ቀለል ያድርጉት። ይራመዱ፣ ይተኙ፣ ይብሉ።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ቁልቁለትን አይናቁ። ዳገት ሳንባን ይፈትናል፤ ጉልበትን የሚጎዳው ግን ቁልቁለት ነው። ባለቤቴ እንጦጦን ወጥቶ በታክሲ ይመለስ ነበር፤ ስድስተኛው ሳምንት ላይ አስቆምነው። ሁለተኛ፣ ፍጥነትዎን በወሬ ይለኩ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎ ፈጥነዋል ማለት ነው። ዲንሾ ላይ ፈረሳችንን የጫኑልን አዛውንት ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል «ሱታ፣ ሱታ» ነበር፤ በኦሮምኛ «ቀስ፣ ቀስ» ማለት ነው። እሳቸው ሲራመዱ ቆመው የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ ማታ ግን ከሁላችን ቀድመው ደርሰው እሳት ዳር እናገኛቸዋለን።

ከእግር እስከ ራስ

ጫማ። ከሁሉ በፊት ገንዘብዎን እዚህ ላይ ያውጡ። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት፣ ከጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ያለው ይሁን። ከሰዓት በኋላ ይግዙት፤ እግር ሲውል ያብጣል። ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ሳያደርጉት ተራራ ይዘውት አይሂዱ። ያረጀ ጫማም ሌላ አደጋ አለው፤ ለዓመታት ሳጥን ውስጥ የኖረ ሶል በመንገድ ላይ ሊገነጠል ይችላል።

ካልሲ። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ይቀራል፤ እርጥብ እግር ደግሞ ውኃ ይቋጥራል። የሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ካልሲ ይያዙ። እግርዎ አንድ ቦታ ላይ ሲሞቅዎ ወዲያው ቁሙና ፕላስተር ይለጥፉ። «እስከ ምሳ ልታገሥ» ያለ ሰው ማታ ያነክሳል።

ልብስ። ጥር ላይ ቀኑ ፀሐያማ ነው፤ ሌሊቱ ግን ሰማዩ በጠራ ቁጥር ይበርዳል፤ ከዜሮ በታችም ይወርዳል። አንድ ወፍራም ካፖርት አይበቃም። ሦስት ድርብ ይልበሱ፦ ከሥር ላብ የማይዝ ስስ ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ ወይም ሙቀት የሚይዝ ጃኬት፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ጃኬት። ሲሞቅዎ አንዱን ያወልቃሉ፤ ሲቆሙ ይደርባሉ። ጂንስ ቤት ይቅር፤ ከረጠበ አይደርቅም። ሁሉን አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ሰልባጅ ተራ ዘወር ዘወር ካሉ ጥሩ የተራራ ጃኬት በግማሽ ዋጋ ያገኛሉ፤ ዚፑንና ስፌቱን ብቻ በደንብ ይመልከቱ። ጋቢ ለማታ ይሁንልዎ፤ ከረጠበ ግን ሸክም ነው።

ስሊፒንግ ባግ። መለያው ላይ የተጻፈውን የሙቀት መጠን ያንብቡ። ከዜሮ በታች የማይችል ከሆነ ይተዉት። ከሥሩ የሚነጠፍ ፍራሽም ያስፈልጋል፤ ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው።

ለፀሐይ። የፀሐይ ጨረር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አሥር በመቶ ገደማ ይበረታል። ጠይም ቆዳም ይቃጠላል፤ በተለይ ከንፈርና አፍንጫ። ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽርና የከንፈር ቅባት አይርሱ።

ከነዚህ ሌላ የግንባር ባትሪ ከመለዋወጫው ጋር፣ ፉጨት፣ ፕላስተር፣ የተቅማጥ ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ)፣ የራስ ምታት ኪኒንና የቤተሰቡን መደበኛ መድኃኒቶች ይያዙ። ፓርኩ ውስጥ በአብዛኛው ቦታ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ የት የት እንደሚያድሩና መቼ እንደሚመለሱ ጽፈው ለቤተ ዘመድ ይስጡ። ከመነሳትዎ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ ከዲንሾ ሰዎች ደውለው ያጣሩ።

ስንቅ፦ እናቶቻችን የሚያውቁት

4,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ስለዚህ ምስርና ክክ ቶሎ አይበስልም፤ ሩዙም ያስቸግራል። ሽሮ ግን ይበስላል። በሶ ደግሞ ጭራሽ እሳት አይፈልግም። ሱፐርማርኬት ውስጥ በውድ የሚሸጡትን የጉልበት ብስኩቶች ዞር ዞር ብዬ አየሁና፣ እናቴ ለመንገደኛ የምታሰናዳው ነገር ሁሉ ትዝ አለኝ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። ጭኮ በቅመም ቅቤ የታሸ ገብስ ስለሆነ ትንሿ ጉርሻ ብዙ ጉልበት ትሰጣለች፤ ቶሎም አይበላሽም። የጾም ቀን ላይ ከዋሉ በሶ በማር፣ ኦቾሎኒና ተምር ይበቃዎታል።

ከፍታ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ሳይርብዎ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይብሉ፤ ሳይጠማዎም ይጠጡ። የወንዝ ውኃ የቱንም ያህል ቢጠራ ሳይፈላ ወይም በማከሚያ ሳይታከም አይጠጡ፤ ከፍታ ላይ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያቆዩት። አረቄው «ለብርድ» ተብሎ ሲቀርብ በትሕትና ያሳልፉት፤ እንቅልፍንና ትንፋሽን ያውካል።

ለማብሰያ የጋዝ ምድጃ ይያዙ፤ አስታ አይቁረጡ። ፍርፋሪና ላስቲክ ሰብስበው ይመለሱ። ውሻ ይዘው እንዳይሄዱ፤ ከቤት ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ጨርሷል።

ልጆችን ይዘው ከሆነ

ትንንሽ ልጆችን ለዚህ ጉዞ አልመክርም። ሕፃን የሚሰማውን መናገር ስለማይችል፣ ራስ ምታቱን ከልቅሶ መለየት ይከብዳል። ከአሥር ዓመት በታች ያሉትን ዲንሾ ይዘው ሄደው የቀን ጉዞ ብቻ ያድርጉላቸው፤ አጋዘንና ከርከሮ አይተው በደስታ ይመለሳሉ።

ለትልልቆቹ ግን ሥራ ይስጧቸው። ሸክማቸው ከክብደታቸው አንድ አሥረኛ አይብለጥ፤ ኃላፊነታቸው ግን ይብለጥ። የኛ ልጅ ካርታውንና ውኃውን ያዘች። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምሽቱን ጥያቄ ያዘች።

የምሽቱ ጥያቄ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ተራራ ላይ ይህ ተረት ብቻ አይደለም።

የከፍታ ሕመም ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካምና ማዞር ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ያሉበት ቦታ ይረፉ፤ እስኪሻልዎ ድረስ አንድ ሜትር እንኳን ወደ ላይ አይውጡ። ካልተሻለ ይውረዱ። ቁጭ ብለው ሳሉ ትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ ሳል፣ ግራ መጋባት፣ ወይም ተረከዝን ከጣት እያገናኙ ቀጥ ባለ መስመር መራመድ አለመቻል ከታየ ግን አደጋ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ንጋትን አይጠብቁ፣ ወዲያው ይውረዱ። የራስ ምታት ኪኒን ስሜቱን ይሸፍነዋል እንጂ ሕመሙን አያድነውም። የተኛሁበት ሌሊት ሁለት ውጬ ነበር።

ስለዚህ ቤት ሳለን አንድ ስምምነት አደረግን። ሁልጊዜ ማታ ከእራት በፊት ልጄ በየተራ ትጠይቃለች፦ «ጭንቅላት? ሆድ? ትንፋሽ? እንቅልፍ?» ሁሉም እውነቱን ይመልሳል። ማንም «ደህና ነኝ» ብሎ አያልፍም። አሞኛል ያለን ሰው ማንም አይቆጣም፣ ማንም አይቀልድበትም። እስቲ እርስዎም እንጦጦ ላይ ይለማመዱት። እኛ ባሕላችን ሆኖ ሲጠይቁን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ማለት ነው የሚቀናን፤ ሌላ መልስ መስጠት ልምምድ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ማታ፣ ራፉ ላይ፣ የባለቤቴ ተራ ደረሰ። ዝም አለ። ከዚያ «ጭንቅላቴን ከሰዓት ጀምሮ ይወቅረኛል፤ እራትም አላሰኘኝም» አለ። ልጄ እንደ ሐኪም መስመር ላይ አስኬደችው፤ ቀጥ ብሎ ሄደ። አስጎብኚው በማግስቱ እዚያው እንድንውል ወሰነ። ዋልን። ከሰዓት በኋላ ራስ ምታቱ ለቀቀው፤ ማታ ሽሮውን ሁለቴ አስጨመረ።

ያ የዕረፍት ቀን ቱሉ ዲምቱን አስቀረብን። ፈቃድ ያለቀበት ሠራተኛና ትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ ስለሆኑ ቀን መጨመር አልቻልንም። ስለዚህ ዕቅድ ሲያወጡ ከመጀመሪያው አንድ ትርፍ ቀን ይያዙ፤ ካልተጠቀሙበት ጫፉ ላይ ያውሉታል፣ ከተጠቀሙበት ደግሞ ማንም አይጣደፍም።

በአምስተኛው ቀን ጋርባ ጉራቻ ደረስን። ስሙ በኦሮምኛ «ጥቁር ሐይቅ» ማለት ነው፤ ውኃው ከገደሉ ሥር ጥቁር ሆኖ ተኝቷል። ጅብራው ዙሪያውን እንደ ሰው ቆሟል። ከእኛ መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት አንድ ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድፍጦ ነበር። ሦስታችንም ተቀምጠን፣ ሳንናገር፣ ለረጅም ጊዜ አየነው።

ማታ ልጄ እንደ ልማዷ ጠየቀች። ባለቤቴ መለሰ። የኔ ተራ ሲደርስ «ጭንቅላቴ ትንሽ ከብዶኛል፤ ሌላው ደህና ነው» አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከዚያ የሞቀ ውኃ ሰጠችኝና «ሌሊት ከባሰብሽ ቀስቅሽኝ፣ እማ» አለችኝ።

«እቀሰቅስሻለሁ» አልኳት። ሌሊቱን ግን ሁለታችንም ተኛን።